በፎቶ ውስጥ የተቀመጠን የካሜራ መረጃ ለማየትና ለማቆየት የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ደሴ ላይ ጉም በወረደበት ጠዋት የጦሳን ተራራ ግርጌ ያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ፎቶው በዓይኑ ካየው ጠቆር ብሎ ይወጣበታል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ነጩን ጉም ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ሲል ብርሃኑን ስለሚቀንስ ነው። ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ ይህን አውቆ የብርሃን ማካካሻውን አንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋል። ከዓመት በኋላ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ያን ጊዜ ምን ነበር ያደረግሁት?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400፣ ማካካሻው +1። ይህ መረጃ ኤክዚፍ ይባላል።

ኤክዚፍ በጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ልማት ማኅበር በ1995 የወጣ የጋራ ደረጃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ የአቆጣጠሩ ጉዳይ ራሱ ከዚህ በታች ሰፋ ብሎ ይመጣል። የካኖን፣ የኒኮንና የሶኒ ካሜራዎችም ሆኑ የሳምሰንግ ስልኮች ይህንኑ ደረጃ ስለሚከተሉ የአንዱን ካሜራ መረጃ በሌላ ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል። በጄፔግ ፎቶ ውስጥ ለዚህ መረጃ የተመደበው ቦታ ከ64 ኪሎባይት ስለማይበልጥ፣ ስድስት ሰባት ሜጋባይት ከሚመዝን ፎቶ አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ መረጃውን ማጥፋት ምንም ትርፍ የለውም።

ከኤክዚፉ ጎን ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የካሜራው አምራች ለራሱ በሚያውቀው መንገድ የሚጽፈው ማስታወሻ ሲሆን፣ ፎከሱ የት ላይ እንዳረፈ የመሰሉ ዝርዝሮችን ይይዛል። ሁለተኛው ሰው ራሱ የሚጨምረው ጽሑፍ ነው፤ የፎቶው መግለጫ፣ የፎቶ አንሺው ስምና የባለመብትነት ቃል የሚቀመጡት በአብዛኛው አዶቢ በ2001 ባወጣው ኤክስኤምፒ ወይም ከዚያ ቀድሞ ለዜና ፎቶዎች በተዘጋጀው አይፒቲሲ ነው። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ፕሮግራም ሦስቱንም አያሳይምና።

ነገሩን በቁም ነገር እንድይዘው ያደረገኝ አንድ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ የሰርግ ፎቶዎቹ በአልበም እንዲታተሙለት ፈልጎ ወደ እኛ ፎቶ ቤት መጣ። ፎቶዎቹን ያነሳው ሌላ ባለሙያ ነበር፤ በቤተሰቡ እጅ የነበረው በቴሌግራም የተላከ ቅጂ ብቻ ነው። መጠናቸው አንሷል፣ የተነሱበት ቀንና ሰዓት ጠፍቷል፣ የኒካው ፎቶ ከመልሱ ፎቶ ጋር ተደባልቋል። የሙሽራዪቱ እናት አጠገቤ ተቀምጠው «ይቺ ሙሽራው ሳይመጣ ነው፣ ይቺ ከምሳ በኋላ ነው» እያሉ ከሦስት መቶ የማያንሱ ፎቶዎችን አንድ በአንድ ለይተውልኛል። ሁለት ቀን ፈጀብን። የሰዓቱ መረጃ በፋይሉ ውስጥ ቢኖር ኮምፒውተሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በቅደም ተከተል ያስቀምጣቸው ነበር።

ለማየት ብቻ ከሆነ

ፎቶ ማንሳት እየተማረ ያለና የራሱን ሥራ መመርመር የሚፈልግ ሰው አዲስ ነገር መጫን አያስፈልገውም። በአንድሮይድ ስልክ ጉግል ፎቶስን ከፍቶ ፎቶውን በጣት ወደ ላይ መሳብ ካሜራውን፣ አፐርቸሩን፣ ሻተሩንና አይኤስኦውን ያሳያል። በአይፎንም ከ2021 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 15 ወዲህ፣ ፎቶው ላይ ያለውን የመረጃ ምልክት መንካት ይበቃል። የስልኩ ድክመት አንድ በአንድ ብቻ ማሳየቱና ዝርዝሩ አጭር መሆኑ ነው።

ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ከዚህ አንድ ደረጃ ይሻላል። ፎቶው ላይ በቀኝ ተጭኖ ፕሮፐርቲስን፣ ከዚያም ዲቴይልስ የሚለውን መክፈት የሌንሱን የትኩረት ርቀት፣ የብርሃን ማካካሻውን፣ ፍላሹ መብራት አለመብራቱን ጭምር ያሳያል። ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ነገር ግን ከዚህም የበለጠ የሚጠቅም አንድ መንገድ አለ፤ ፎልደሩን በዝርዝር እይታ ከፍቶ፣ በአምዶቹ ርእስ ላይ በቀኝ በመጫን የአፐርቸር፣ የሻተርና የአይኤስኦ አምዶችን መጨመር ነው። በሐረጎ እየወረዱ ከደሴ ጉም ወደ ኮምቦልቻ ፀሐይ የተነሱ መቶ ፎቶዎችን እንዲህ በአንድ ሰንጠረዥ መመልከት ብርሃኑ የት ላይ እንደተቀየረና ፎቶ አንሺው እንዴት እንደተከተለው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በማክ ኮምፒውተር የአንድን ፎቶ ዝርዝር በፕሪቪው ውስጥ ያለው ኢንስፔክተር ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዊንዶውስ ፋይሉ «የተፈጠረበት» ብሎ የሚያሳየው ቀን ፎቶው የተነሳበት ቀን አይደለም፤ ፋይሉ ወደ ፍላሽ ዲስክ በተገለበጠ ቁጥር ይለወጣል። ከካሜራው የመጣው በዲቴይልስ ውስጥ «ዴት ቴክን» በሚለው መስመር ያለው ነው።

ፎከሱ የሙሽራው ዓይን ላይ ነበር ወይስ ከኋላው ባለው መጋረጃ ላይ ብሎ መመርመር ለሚፈልግ ባለሙያ ግን እስካሁን ያነሳኋቸው አይበቁም፤ የአምራቹን ማስታወሻ አያነቡምና። ለዚህ የሚሻለው አምራቹ ራሱ በነጻ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። የካኖኑ ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናልና በ2021 የወጣው የኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮ የፎከሱን ነጥብ በፎቶው ላይ ያሳያሉ። ለራሳቸው ካሜራ የተሠሩ ስለሆኑ የተለያየ ካሜራ ለሚጠቀም ፎቶ ቤት እንደ ዋና መሣሪያ አይሆኑም።

ፎቶ ተቀብለው መረጃውን የሚያሳዩ ድረ ገጾችንም አልመክርም። የደንበኛን የቤት ውስጥ ፎቶ፣ ምናልባትም ቤቱ ያለበትን ቦታ ጭምር ይዞ፣ ወደማያውቁት ቦታ መላክ ከሙያው አደራ ጋር አይሄድም።

በብዛት ለሚሠራ፦ ኤክዚፍቱል፣ ዲጂካም ወይስ ላይትሩም

መረጃውን ማስተካከልና በብዛት ማቆየት ሲመጣ ምርጫው ይከብዳል። ኤክዚፍቱል ፊል ሃርቪ የተባለ ካናዳዊ ከ2003 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ነጻ ፕሮግራም ነው። ትንሽ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። የብዙ አምራቾችን ማስታወሻ ያነባል፤ የአንድን ፎልደር ሙሉ መረጃ በኤክሴል ወደሚከፈት ሰንጠረዥ ያወጣል፤ የሺህ ፎቶዎችን ሰዓት በአንድ ትእዛዝ ያስተካክላል፤ መረጃው የጠፋበት የተስተካከለ ቅጂ ካለም ከዋናው ፎቶ ላይ ወስዶ ይመልስለታል። ለውጥ ሲያደርግ የቀድሞውን ፋይል ሌላ ስም ሰጥቶ አብሮ ማስቀመጡ እምነቴን ካተረፉለት ነገሮች አንዱ ነው።

ችግሩ ትእዛዙ በጽሑፍ የሚሰጥ መሆኑ ነው። መስኮትና ቁልፍ የለውም፤ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሙሉ ፎልደር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ አሥር ፎቶ ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጦ፣ እዚያ ላይ ሞክሮ፣ ውጤቱን አይቶ ነው ወደ ዋናው መሄድ ያለበት። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር ሊያስቸግረው ስለሚችል የፎልደሩን ስም በቁጥርና በላቲን ፊደል ማድረግ ድካም ይቀንሳል።

ዲጂካም በሌላው ጫፍ ይቆማል። እሱም ነጻ ነው፤ ሁሉም ነገር በመስኮትና በቁልፍ የሚሠራ ሲሆን ፎቶዎችን በሌንስ፣ በአይኤስኦ፣ በቀን ለይቶ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ሠራተኛ ባለበት ፎቶ ቤት፣ «የዚያን ሰው የኮምቦልቻ ሥራ አውጣልኝ» ሲባል፣ ከእሱ የሚቀርበው የለም። ይሁንና አቅሙ አነስተኛ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ይከብዳል፤ ብዙ ፎቶ ያለበትን ዲስክ መጀመሪያ ሲቃኝም ረጅም ሰዓት ይወስዳል። በሁለቱ መካከል ኤክስኤንቪው ኤምፒ አለ፤ ቀላልና ፈጣን ነው፣ ነገር ግን በነጻ የሚፈቀደው ለግልና ለትምህርት ስለሆነ ለገቢ የሚሠራ ፎቶ ቤት ፈቃድ መግዛት አለበት።

አዶቢ ላይትሩምን አስቀድሞ የሚጠቀም ሰው እሱን ትቶ ወደ ሌላ መሄድ አያስፈልገውም፤ አንድ ነገር ግን ማወቅ አለበት። ላይትሩም ክላሲክ የተጻፈለትን መግለጫና ያደረገውን ማስተካከያ በራሱ ካታሎግ ውስጥ ይይዛል እንጂ፣ በሴቲንጉ ካልታዘዘ በስተቀር ወደ ፋይሉ አያስገባም። ካታሎጉ ያለበት ዲስክ ቢበላሽ የዓመታት ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ለሮው ፎቶ (ካሜራው ሳያቀናብር ላስቀመጠው ጥሬ ፋይል) ደግሞ ለውጡን የሚጽፈው ከፎቶው ጎን በሚቀመጥ ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ላይ ነው፤ ፎቶው ወደ ሌላ ዲስክ ሲዛወር ይህች ትንሽ ፋይል ምን እንደሆነች ያላወቀ ሠራተኛ ትቷት ይሄዳል። የዲጂካምም ጠባይ ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ ሴቲንጉን ከፍቶ ጽሑፉ የት እንደሚቀመጥ ማረጋገጥ ይገባል።

እኔ ብቻዬን ስሠራ ኤክዚፍቱልን እመርጣለሁ። ትእዛዞቹን በአንድ ገጽ ጽፌ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፌያቸዋለሁ፤ የሚያስፈልጉኝ አራት ብቻ ናቸው። ትእዛዝ መጻፍ የሚከብደው ባልደረባ ካለ ግን ዲጂካምን ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ፤ ሰው የሚፈራው መሣሪያ ሥራ ላይ አይውልም።

የካሜራው ሰዓትና የእኛ ሰዓት

በእኛ አገር ትልቁ የስህተት ምንጭ ይህ ነው፤ የውጭ መመሪያዎችም አያነሱትም። ኤክዚፍ ጊዜን የሚመዘግበው በጎርጎርዮሳዊው ዘመንና ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ ካሜራ ከፍቶ 3፡00 ብሎ የሞላ ሰው ካሜራውን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስቀርቶታል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የተነሳው የእራት ፎቶ በ13፡00 ይመዘገባል፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተነሳው ደግሞ በዋዜማው 23፡00 ላይ ይቀመጥና ቀኑም ጭምር ይሳሳታል።

ዘመኑንም በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ችግሩ ይብስበታል። ካሜራው አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን ሊይዝ አይችልም። ሁለተኛው ወር ለእኛ ጥቅምት፣ ለካሜራው ግን 28 ወይም 29 ቀን ያለው የፈረንጆቹ ወር ስለሆነ፣ ጥቅምት 30 የተነሳ ፎቶ በሦስተኛው ወር ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተያይዞ ይዛነፋል። የእኛን ዘመን በፎልደር ስምና በመግለጫ ውስጥ በደስታ እንጻፈው፤ ካሜራው ግን በጎርጎርዮሳዊው ቀንና በ24 ሰዓት መሞላት አለበት።

የተሳሳተው ሰዓት ስድስት ሰዓት ብቻ ከሆነ ኤክዚፍቱልም ሆነ ዲጂካም ሙሉውን ፎልደር በአንድ ጊዜ ያቃናዋል። ዘመኑም አብሮ ከተሳሳተ፣ የሁለቱ አቆጣጠሮች ወራት ርዝመታቸው ስለሚለያይ፣ ለእያንዳንዱ ዝግጅት ልዩነቱን በቀን ብዛት አስልቶ መግፋት ያስፈልጋል። ለወደፊቱ የሚረዳ ቀላል ልማድ አለ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የስልክን ሰዓት ፎቶ ማንሳት። ሁለት ፎቶ አንሺዎች አንድ ሰርግ ላይ ሲሰማሩ ሁለቱም ያንኑ ስልክ ቢያነሱ፣ በኋላ የሁለቱን ካሜራዎች ልዩነት እስከ ሰከንድ ድረስ አውቆ ፎቶዎቹን በአንድ ረድፍ ማሰለፍ ይቻላል። ከሳተላይት የሚወሰደው የጂፒኤስ ሰዓት ግን ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሆኖ ቢታይ ስህተት ስላልሆነ መንካት አይገባም፤ የሚመዘገበው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው።

በአማርኛ መግለጫ መጻፍ

በኤክዚፍ ውስጥ ለመግለጫና ለፎቶ አንሺ ስም የተመደቡት ቦታዎች ለረጅም ዓመታት የላቲን ፊደል ብቻ የሚቀበሉ ነበሩ፤ ይህ የተሻሻለው በ2023 በወጣው 3.0 ደረጃ ነው። እዚያ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በአይፒቲሲም የፎቶ አንሺው ስም 32 ባይት ብቻ ተፈቅዶለታል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ከአሥር ፊደል በላይ አይገባም፣ ስምና የአባት ስም ሲደመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል። ኤክስኤምፒ ከመነሻው የሁሉንም ቋንቋ ፊደል ስለሚይዝ የአማርኛ መግለጫ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው።

መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይቀር

በቴሌግራምና በዋትስአፕ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ይቀንሳል፣ የካሜራ መረጃውም ይወገዳል። ያው ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፋይል፣ በዋትስአፕ እንደ ዶክመንት ቢላክ ሳይነካ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ምርጫ መንካት ብቻ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ያነሳሁት ቤተሰብ ሁለት ቀን የደከመው በዚህች ምርጫ ምክንያት ነው። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የተለጠፈ ፎቶም ሲወርድ የካሜራው መረጃ አብሮት አይወርድም፤ ስለዚህ የፌስቡክ ገጽ የፎቶ ማኅደር ሊሆን አይችልም። ጉግል ድራይቭና የኢሜይል አባሪ ፋይሉን እንዳለ ያደርሳሉ። በጉግል ፎቶስ ውስጥ ቀን ያስተካከለ ሰው ግን ፎቶዎቹን በጅምላ ሲያወርድ ያስተካከለው ነገር በፎቶው ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ባለ ሌላ ፋይል ላይ ተጽፎ ያገኘዋል።

የማስተካከያ ፕሮግራሞችም ፎቶውን ሲያወጡ መረጃውን ይቆርጣሉ። በፎቶሾፕ «ሴቭ ፎር ዌብ» የሚለው መንገድ ካልተለወጠ የባለመብቱንና የመገናኛውን ጽሑፍ ብቻ ያስቀራል፤ የካሜራውን ሁሉ ይጥላል። በላይትሩም ሲወጣ ሜታዳታ በሚለው ክፍል «ሁሉም» የሚለውን መምረጥ፣ በጂምፕ ደግሞ ኤክዚፍን አስቀምጥ የሚለው ምልክት መኖሩን ማየት ይገባል።

መረጃውን ሆን ብሎ ማጥፋት ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። በደንበኛ ቤት በስልክ የተነሳ ፎቶ የቤቱን ትክክለኛ ቦታ ሊይዝ ይችላልና ለሕዝብ ከመለጠፉ በፊት ቦታው መወገድ አለበት። ይህ የሚደረገው በቅጂው ላይ ነው፤ ዋናው ፎቶ አይነካም።

ዋናውን የማስቀመጫው ነገር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሚሞሪ ካርዱ ላይ ይገለበጣል እንጂ አይቆረጥም፤ መብራት በመሃል ከጠፋ የሁለቱ ወገን የፋይል ብዛት እኩል መሆኑ ሳይታይ ካርዱ ፎርማት አይደረግም። አንዱ ሃርድ ዲስክ ደሴ ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ቢቀመጥ አንድ አደጋ ሁለቱን አያገኛቸውም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን ከመጀመሪያው ሥራ ጀምሮ ማድረግ ይሻላል። ከየግልበጣው በኋላ አንድ ሁለት ፎቶ ከፍቶ መረጃው መኖሩን ማየት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በየቤቱ ያሉት የድሮ የፊልም ፎቶዎች የተለየ እንክብካቤ ይፈልጋሉ። ስካን ሲደረጉ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ስካን የተደረጉበት ቀን ስለሆነ፣ እንዲሁ ከተተዉ የአያቶቻችን ሰርግ ትናንት የተደረገ መስሎ ይሰለፋል። የፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ካለ ጀርባውንም ስካን አድርጎ አብሮ ማስቀመጥ፣ ቀኑን ወደ ጎርጎርዮሳዊው መልሶ በተነሳበት ቀን ቦታ መሙላት፣ በእኛ ዘመን የተጻፈውን ደግሞ እንዳለ በኤክስኤምፒው መግለጫ ውስጥ ማስፈር ያስፈልጋል። ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ በግምት አይሞላ፤ «አጎቴ እንደነገሩኝ» ተብሎ የሰሙት በመግለጫው ውስጥ ይጻፍ።